«ጥርስህን ነክሰህ ቻለው»፦ የመንገጭላ ሕመምና ያልተሰሙ ሰዎች ታሪክ

ወዳጆች፣ ዛሬ ከዕለቱ ወሬ ትንሽ ወጣ እንበል። የዋጋ ንረቱም ሹም ሽሩም የትም አይሄድም፤ ነገም እዚሁ ይጠብቀናል። ዛሬ የማነሣው ብዙዎቻችሁ በራሳችሁ ወይም በቤታችሁ የምታውቁትን፣ ስሙን ግን ያልሰማችሁትን አንድ ሕመም ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከአንባቢዎቻችን አንዱን ከጥርስ መንቀያ ወንበር ካዳነ ይበቃኛል።

መነሻዬ አክስቴ ናት። ወደ አራት ዓመት ገደማ ግራ ጆሮዋን ያማት ነበር። ጠዋት ስትነሣ ይብስባታል። መጀመሪያ የጆሮ ጠብታ ታዘዘላት፤ አልተሻላትም። አንቲባዮቲክ ወሰደች፤ ያው ነው። ቀጥሎ «ጥርስ ነው» ተባለና አንድ የመንጋጋ ጥርሷ ተነቀለ። ሕመሙ በወሩ ሲመለስ ከጎኑ ያለውም ተነቀለ። ሁለቱም ጥርሶች ጤነኛ እንደነበሩ ያወቅነው በኋላ ነው።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም ጣቶቿን ከአክስቴ ጆሮ ፊት ለፊት አሳርፋ፣ «እስቲ አፍዎን ቀስ አድርገው ይክፈቱ፤ አሁን ይዝጉ» አለቻት። ቀጭ አለ። ጉንጯን ጫን ስታደርገው አክስቴ «እሱ ነው! እሱ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ማታ ጥርስዎን ያፋጫሉ?»

«ተኝቼ ምኑን አውቄው ልጄ።»

«ቀንስ? ሲጨነቁ ጥርስዎን ይነክሳሉ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ባሌ ከሞተ ጀምሮ ጥርሴን ነክሼ ነው የቻልኩት።»

ሐኪሟ ፈገግ ብላ፣ «እማማ፣ ጆሮዎ ደህና ነው። የደከመው መንገጭላዎ ነው» አለቻት።

ይህን ነገር ከሰማሁ በኋላ ስለ ሕመሙ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ታሪክ ከአክስቴ ታሪክ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ልዩነቱ የእሷ አራት ዓመት የፈጀ ሲሆን፣ የሕክምናው ግን አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላው መቃረቡ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

■ የግብፁ ጥቅልል

በ1862 ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ በግብፅ ሉክሶር ከተማ አንድ የፓፒረስ ጥቅልል ገዛ። ጥቅልሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተገለበጠ የሕክምና መጽሐፍ ነው። በ1930 ጄምስ ሄንሪ ብሬስትድ ተርጉሞ አሳተመው። በውስጡ 48 ታማሚዎች በተራ ተዘርዝረዋል፤ አብዛኞቹ ቁስለኞችና ስብራት የደረሰባቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ ሐኪሙ ምን እንደሚያይ፣ በእጁ ምን እንደሚዳስስ፣ ከዚያም ከሦስት ፍርዶች አንዱን ይሰጣል፦ አክመዋለሁ፣ እታገለዋለሁ ወይም አይታከምም።

25ኛው ታማሚ መንገጭላው የወለቀ ነው። አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፤ መዝጋት አይችልም። ሐኪሙ አውራ ጣቶቹን አፍ ውስጥ አስገብቶ በመንገጭላው ሁለት ጫፎች ላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከአገጩ ሥር አድርጎ ወደ ቦታው እንዲገፋው ታዟል። ፍርዱ «አክመዋለሁ» ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በሂፖክራተስ ስም የሚጠሩት የግሪክ መጻሕፍትም ተመሳሳዩን ዘዴ ጻፉ። ዛሬ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚሠራውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በዚያው ጥቅልል 7ኛው ታማሚ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ራሱ ላይ ቆስሏል፤ አንገቱ ደርቋል፤ አፉ ተቆልፎ አይከፈትም። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እኛ መንጋጋ ቆልፍ የምንለው ቴታነስ ነው ይላሉ። ሁኔታው ሲከፋ የሚሰጠው ፍርድ «አይታከምም» ነው።

እኛም ብንሆን ከጥንት ጀምሮ የምናውቀው እነዚህን ሁለቱን ነው። የወለቀና የተሰበረ ወደ ወጌሻ ይሄዳል። አፍ አልከፈት ሲል ደግሞ ሁሉም የሚፈራው መንጋጋ ቆልፍን ነው። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ንጹሕ ባልሆነ መሣሪያ እትብታቸው የተቆረጠ ስንት አራስ ሕፃናት በዚህ በሽታ አልቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያ የእናቶችና የአራስ ሕፃናት ቴታነስን ከሕዝብ ጤና ሥጋትነት ማውጣቷን ያረጋገጠው በ2017 ነው። ትናንት ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ተከፍቶ የቀረው አፍና ተቆልፎ የቀረው አፍ ከ3 ሺህ ዓመት በፊትም ስም ነበራቸው። ስም ያጣው በመካከል ያለው ነው። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ግን ያማል። ሰውየው ይበላል፣ ይናገራል፣ ይስቃል፣ ግን ያማል። ከውጭ የሚታይ ቁስል ስለሌለ ማን ያምነዋል?

■ የጆሮ ሐኪሙና 11 ታካሚዎቹ

ጉዳዩ ስም ያገኘው በ1934 ነው። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ጄምስ ኮስተን የተባለ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ስለ 11 ታካሚዎች ጻፈ። ጆሯቸውን ያማቸዋል፤ ይጮኽባቸዋል፤ የተደፈነ ይመስላቸዋል። ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ ያማቸዋል። ጆሯቸው ውስጥ ግን ይህን ሁሉ የሚያስረዳ በሽታ አልተገኘም። ኮስተን መነሻው ከጆሮ ፊት ለፊት ያለው የመንገጭላ መገጣጠሚያ ነው አለ። ሕመሙም ለረጅም ጊዜ «የኮስተን ሲንድረም» ተባለ።

ነገሩ እንዲገባችሁ አሁን አንድ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ፊት አድርጉና አፋችሁን ክፈቱ። የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው። የታችኛው መንገጭላ ከራስ ቅል ጋር በሁለት በኩል ይጋጠማል። አፍ ሲከፈት አጥንቱ መጀመሪያ ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በአጥንቶቹ መካከል ጫናውን የምትችል ቀጭን ዲስክ አለች። ግራና ቀኙ አብረው መሥራት አለባቸው፤ አንዱ ብቻውን መንቀሳቀስ አይችልም። ስናወራ፣ ስንበላ፣ ስናዛጋ፣ ምራቅ ስንውጥ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ከጆሮ ቀዳዳ ጋር ያለው ርቀት ደግሞ ጥቂት ነው። ለዚህ ነው የመገጣጠሚያው ሕመም የጆሮ ሕመም የሚመስለው።

ኮስተን ቦታውን በትክክል አገኘ። ምክንያቱን ግን ሳተ። የኋላ ጥርሶች ስለወለቁ መንገጭላው ከልክ በላይ ተዘግቶ ነርቮችንና ወደ ጆሮ የሚሄደውን ቱቦ ይጫናል ብሎ ነበር። በ1940ዎቹ ሃሪ ሲከርን የመሰሉ የአካል አቀማመጥ ሊቃውንት አጥንቱ ያለበትን ቦታ አሳይተው ይህ ሊሆን አይችልም አሉ። ሐሳቡ ግን ከመጽሐፍ ቢወጣም ከክሊኒክ አልወጣም። ምክንያቱ የጥርስ አገጣጠም ከሆነ መፍትሔው ጥርስን መሞረድ፣ ከፍ ማድረግ፣ ዘውድ ማልበስ፣ መንቀል ነዋ። እንዲህ ሆኖ ለአሥርተ ዓመታት የስንት ሰው ጤነኛ ጥርስ ተሞረደ።

■ ለማስመሰል የተሞረዱት ጥርሶች

ከ1949 ጀምሮ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ላስሎ ሽዋርትዝ የሚመራው ክሊኒክ ሌላ ነገር ማስተዋል ጀመረ። የብዙዎቹ ታማሚዎች ችግር ከአጥንቱ ይልቅ የሚያኝኩት ጡንቻዎች ነበሩ። የጉንጭ ጡንቻ፣ ከዓይን ጎን ከጆሮ በላይ ተዘርግቶ የሚገኘው ጡንቻ፣ ወደ ውስጥ ያሉትም ጭምር። በ1969 ዳንኤል ላስኪን ይህን ወደ አንድ ማብራሪያ ሰበሰበው፦ ሰው ሲጨነቅ ጥርሱን ይነክሳል፤ ጡንቻው ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ያማል።

ከዚያ የመጣው ሙከራ ለእኔ የዚህ ታሪክ ግሩሙ ክፍል ነው። በ1976 ላስኪንና ባልደረቦቹ የጥርስ አገጣጠማቸው «ተስተካክሎ» ሕመማቸው ይድን እንደሆነ ለማየት ታማሚዎችን ወንበር ላይ አስቀመጡ። መሞረጃው ጮኸ፤ ጥርሱ ተነካ። ነገር ግን የተነካው ላይኛውና ታችኛው ጥርስ የማይገናኙበት ቦታ ነበር። ማለትም ምንም አልተስተካከለም፤ ማስመሰል ነበር። አብዛኞቹ ታማሚዎች ግን ሕመማቸው እንደጠፋ ወይም በጣም እንደቀለላቸው ተናገሩ።

ይህን አንብቦ «ስለዚህ ሕመሙ ውሸት ነው» የሚል አይጠፋም፤ ያኔም አልጠፋም። ሙከራው ያሳየው ይህን አይደለም። ሕመሙ እውነት ነው፤ እውነት ያልሆነው የሞረዳው ፈዋሽነት ነው። ብዙውን ጊዜ ጡንቻ ጊዜ፣ ዕረፍትና የሚያዳምጠው ሐኪም ሲያገኝ ራሱ ይረጋጋል። ስለዚህ መመለስ የማይቻል ነገር ለማድረግ አትቸኩሉ ማለት ነው።

ግን ተቸኮለ።

■ ቴፍሎን

በ1980ዎቹ የሕክምናው ዓለም ዓይን ወደ ዲስኳ ዞረ። የተንሸራተተችን ዲስክ በቀዶ ሕክምና ወደ ቦታዋ የመመለስ ሐሳብ አዲስ አልነበረም፤ የኤዲንብራው ቶማስ አናንዴል በ1887 ሠርቶት ጽፏል። አዲሱ ነገር ዲስኳን አውጥቶ በሰው ሠራሽ መተካት መለመዱ ነው።

በ1983 በቴክሳስ ሂውስተን የሚገኝ ቪቴክ የሚባል ኩባንያ ከፕሮፕላስትና ከቴፍሎን የተሠራ ተተኪ ለገበያ አቀረበ። አዎ፣ መጥበሻችን ላይ ያለው ቴፍሎን። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ፈቀደ። የፈቀደው ግን ሰው ላይ ተሞክሮ ደኅንነቱ ስለተረጋገጠ አይደለም። የ1976ቱ ሕግ አንድ መሣሪያ ከዚያ በፊት ገበያ ላይ ከነበረ መሣሪያ ጋር «በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው» ከተባለ በአጭሩ መንገድ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። ይኸኛውም በዚያው መንገድ አለፈ። ከ20 ሺህ በላይ ተሰራጨ።

መንገጭላ ቀልድ አይደለም፤ ይፈጫል። ቴፍሎኑ በማኘክ ኃይል እየተፈጨ ወደ ደቃቅ ብናኝ ተለወጠ። ሰውነት ብናኙን እንደ ባዕድ ነገር ሲዋጋ ጦርነቱ የራሱን አጥንት መብላት ጀመረ። አንዳንዶች ላይ ጉዳቱ በመገጣጠሚያውና በአንጎል መካከል ያለውን ስስ የራስ ቅል አጥንት ሳይቀር በሳው። ተተኪውን ለማውጣት፣ ከዚያም የወጣውን ለመጠገን፣ ከአሥር ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

የሚያንገበግበው ይህ ሊታወቅ የሚችል መሆኑ ነው። ታዋቂው እንግሊዛዊ የአጥንት ሐኪም ጆን ቻርንሊ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቴፍሎንን ለዳሌ መገጣጠሚያ ተጠቅሞበት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተፈጭቶ ሰውነትን ሲያስቆጣ አይቶ እርግፍ አድርጎ ተወው። እርግጠኛ ለመሆን ደግሞ ቁሱን በራሱ ጭን ውስጥ አስገብቶ ሞከረና ውጤቱን በ1963 አሳተመ። የቪቴክ ተተኪ ከመፈቀዱ 20 ዓመት በፊት ማለት ነው። ጥሬ ቴፍሎኑን ያመረተው ዱፖንትም ለሕክምና ተብሎ እንዳልተሠራ አስታውቆ ነበር። የዳሌ ሐኪሞች የሚያውቁትን የመንገጭላ ሐኪሞች አልጠየቁም፤ ተቆጣጣሪውም አልጠየቀም።

ቪቴክ በ1990 መክሠሩን አስታወቀ። ኤፍዲኤ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። በ1992 የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን በአደባባይ ሰማ። ግን ከባለሥልጣናቱ ቀድመው የጮኹት ታማሚዎቹ ናቸው። ራሷም ታማሚ የሆነችው ቴሪ ካውሊ ከዊስኮንሲን ተነሥታ ከሌሎች ጋር በ1986 የታማሚዎችን ማኅበር አቋቋመች። «የነርቭ ጉዳይ ነው»፣ «ያልተረጋጉ ሴቶች ናቸው» ሲባሉ የኖሩ ሰዎች ፋይላቸውን ይዘው መጡ። ለዓመታት «ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለ ነገር ነው» የተባለችው ሴት፣ በመጨረሻ እውነትም ጭንቅላቷ ውስጥ የገባ ቀዳዳ ታየላት።

እኔ ከዚህ የምወስደው «ሐኪም አትመኑ» የሚል አይደለም። ይህን የሚል ሰው ከዚህ ቻናል ይውጣ። የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ውጭ ሀገር ተፈቅዷል» ማለት «ተፈትኗል» ማለት አይደለም። አብዛኛውን የሕክምና መሣሪያ ከውጭ ለምታስገባ ሀገር ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ሁለተኛ፣ ታማሚው «አልተሻለኝም» ሲል ስህተቱ የታማሚው ላይሆን ይችላል።

■ ዛሬ የት ደረስን?

ከአደጋው በኋላ ነገሮች ቀስ በቀስ ተለወጡ። በ1992 ተመራማሪዎች ሕመሙ በምን ምልክት እንደሚለይ የጋራ መስፈርት አወጡ፤ በ2014 ተሻሽሎ አሁን በብዙ ሀገራት ይሠራበታል። በ1996 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው ጉባኤ መጀመሪያ ቀላልና የሚመለስ ሕክምና ይሞከር አለ። በ2000ዎቹ ከ3 ሺህ በላይ ጤነኛ ሰዎችን ይዞ ለዓመታት የተከታተለ ኦፔራ የተሰኘ ጥናት፣ ማን በኋላ እንደሚታመም ጠየቀ። ከጥርስ አገጣጠም በበለጠ የጠቆሙት ሌላ ቦታ ያለ ሕመም፣ የከፋ እንቅልፍና ተደራራቢ የጤና ችግሮች ሆኑ።

በ2020 የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች ያወጡት ትልቅ ሪፖርት ሕመሙ አንድ ሳይሆን ከ30 በላይ የሆኑ ችግሮች መጠሪያ መሆኑን አስረዳ። በ2018 ከአሜሪካ ጎልማሶች 4.8 በመቶ ያህሉ ከዚህ ጋር ሊያያዝ የሚችል ሕመም እንደነበራቸው ገመተ። ዋናውን ቁስልም ነካው፦ የጥርስ ሕክምናና የቀረው ሕክምና ተለያይተው ስለሚያስተምሩና ስለሚሠሩ ታማሚው በመካከል ይወድቃል። የአክስቴ አራት ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለት ይኸው ነው። በ2023 መጨረሻ ደግሞ የብሪታኒያው የሕክምና መጽሔት ቢኤምጄ ያሳተመው መመሪያ ሥር ለሰደደው ሕመም ምክርን፣ የመንገጭላ እንቅስቃሴን፣ በእጅ የሚሰጥ ሕክምናንና ከጭንቀት ጋር መኖርን የሚያስተምር የሥነ ልቦና ሕክምናን አስቀደመ። መመለስ የማይቻሉትንና ዲስክ ማውጣትን ግን አጥብቆ ነቀፈ።

■ ምልክቶቹን እንወቅ

አሁን ወደ እናንተ። ከዚህ በታች ያለውን ለቤተሰብ አካፍሉ።

ዋናው ምልክት ከጆሮ ፊት ለፊት፣ በጉንጭ ወይም ከዓይን ጎን ከጆሮ በላይ የሚሰማ ሕመም ነው። መለያው ሕመሙ መንገጭላ ሲንቀሳቀስ የሚለወጥ መሆኑ ነው። ጠንካራ ነገር ስታኝኩ፣ ስታዛጉ፣ ብዙ ስታወሩ ከባሰ መንገጭላን ጠርጥሩ። ጣታችሁን ጫን ስታደርጉበት «ይኸው የማውቀው ሕመም» ካላችሁ ደግሞ የበለጠ ጠርጥሩ። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መስፈርትም በዚሁ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

ሁለተኛው የአፍ አከፋፈት ነው። የመካከለኛ ሦስት ጣቶቻችሁን አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ በፊት ጥርሶቻችሁ መካከል ለማስገባት ሞክሩ። አብዛኛው ጤነኛ ሰው ይችላል። ሁለት ብቻ ከገባ፣ ወይም አፍ ሲከፈት ወደ አንድ ጎን ከተንጋደደ፣ ወይም ድንገት «ያዝ» አድርጎ ከቀረ መታየት አለበት።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ጤነኛ ሰው አፉን ሲከፍት ቀጭ ይላል። ሕመም ከሌለውና አፍ በደንብ ከተከፈተ ድምፁ ብቻውን ሕክምና አይፈልግም። «ቀጭ ይልብሃል፣ እንቅደደው» የሚል ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ሂዱ።

አራተኛው ጓደኞቹ ናቸው። ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ የደከመ ጉንጭ፣ የተበላ ጥርስ፣ በምላስ ጠርዝ ላይ የጥርስ አሻራ፣ ንጹሕ ሆኖ የሚያምና የሚጮኽ ጆሮ፣ የአንገት መገተር። በእንቅልፍ ልብ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ራሱ አይሰማውም፤ አጠገቡ የሚተኛውን ጠይቁ።

የምናደርገውንም እንይ። ከሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ በአንድ ጉንጭ ጫት ይዞ መዋል፣ ማስቲካ ሳይተፉ ማኘክ፣ ጥፍር መንከስ፣ ስልክን በትከሻና በጆሮ መካከል አጣብቆ ማውራት፣ እነዚህ ሁሉ ዕረፍት የሚፈልገውን ጡንቻ ሥራ ያበዙበታል።

መንገጭላ የማይመስሉ፣ ጊዜ የማይሰጡ ነገሮችም አሉ፤ እነዚህን አታምታቱ። ስትራመዱ ወይም ደረጃ ስትወጡ የሚመጣ፣ ደረትን ከማፈን፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ያለ የመንገጭላ ሕመም የልብ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ሆስፒታል። ከቁስል በኋላ አፍ እየተቆለፈ፣ አንገትና ሆድ እየደረቀ ከመጣ መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ወዲያው። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ሆኖ ሲያኝኩ መንገጭላቸው የሚያማቸው፣ አዲስ ራስ ምታት የጀመራቸውና ዓይናቸው የሚደበዝዝባቸው ሰዎች የደም ሥር ብግነት ይዟቸው ሊሆን ይችላል፤ ቢዘገይ ዓይን ያጠፋል። ትኩሳትና እብጠት ካለ የጥርስ መግል ወይም ጆሮ ደግፍ ሊሆን ይችላል። የማይድን የአፍ ቁስል፣ የፊት መደንዘዝ፣ እያደገ የሚሄድ እብጠትም ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ከእነዚህ ውጪ ያለው አብዛኛው ግን በቀላል ነገር ይሻሻላል። ለጥቂት ሳምንታት ቆሎውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ደረቅ ጥብሱን ትታችሁ ፍትፍት፣ ገንፎና ሾርባ ብሉ። በሞቀ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጉንጫችሁ ላይ አድርጉ። ስታዛጉ እጃችሁን ከአገጫችሁ ሥር ደግፉ። ከሁሉም በላይ ይህን ልመዱ፦ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ግን አይነካካ። ጤነኛ ሰው ጥርሱ የሚገናኘው ሲያኝክና ሲውጥ ነው፤ በቀረው ጊዜ ክፍተት አለ። አሁን ይህን ስታነቡ ጥርሳችሁ ተነክሷል? ልቀቁት። በሁለትና በሦስት ሳምንት ካልተሻለ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂዱና «ጥርሴን እዩልኝ» ብቻ አትበሉ፤ «መገጣጠሚያውንና ጡንቻውን ዳስሱልኝ» በሉ። ሊነቀል ነው ከተባላችሁ «ይህ ጥርስ መታመሙ በምን ታወቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄ ነውር አይደለም። የወጣ ጥርስ አይመለስም።

■ ስለ መቻል

በቋንቋችን ጀግና ጥርሱን ነክሶ ይችላል። እናት ጥርሷን ነክሳ ልጅ ታሳድጋለች። የተበደለ ጥርስ ይነክሳል፤ ቀን ይጠብቃል። ስንት ዓመት ይህን ስንባባል ኖረናል? ጦርነት፣ መፈናቀል፣ ሐዘን፣ የቤት ኪራይ። ሁሉንም ያሳለፍነው በዚህች ጥርስ ነው።

መቻልን አልንቅም፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን በሌላ በምን ይኖሩ ነበር? ግን ምሳሌያዊ አነጋገር ነው ያልነው ነገር ለካ ምሳሌ ብቻ አልነበረም። ሰውነት ቃል በቃል ይወስደዋል። አፋችን የዋጠውን ጡንቻችን ይይዘዋል።

አክስቴ አሁን ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት ሐኪሟ ያሳየቻትን እንቅስቃሴ በመስታወት ፊት ትሠራለች። ጆሮዋን ማመሙ ከቀነሰ ቆይቷል። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ ስለ ባሏ አነሣችና አለቀሰች፤ ከሞተ ጀምሮ እኔ ፊት ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው። ደንግጬ «አይዞሽ፣ ቻይው» ልል አልኩና ዝም አልኩ። ከዚያ ቡና አፈላች።

ሁለቱ ጥርሶቿ ግን አልተመለሱም።

ያነበባችሁ ሁሉ ለአንድ ሰው አጋሩት። በተለይ «ጆሮዬን ያመኛል፣ ምንም የለም ይሉኛል» ለሚለው።

ቸር ይግጠመን።